ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለ የኦሜጋ ሰዓት ለመግዛት ላሰበ ሰው

ለገና አገር ቤት ገብቼ ነበር። ስለ መኪናውና ስለ ሆቴሉ ጥቂት እላለሁ፤ የምጽፈው ግን «ደብረ ብርሃን ላይ ኦሜጋ ስፒድማስተር አለ» ብሎ በውርጭ ካመላለሰኝ ደላላ ሌላው እንዲጠነቀቅ ነው። የማመሰግናቸው አንድ ሰዓት ሠሪም አሉ፤ እሳቸው ባይኖሩ ነገሩ ከዚህ የባሰ ይሆን ነበር።

መኪናው ምንም አይልም። ከላምበረት ስንነሳ ረዳቱ ለሻንጣዬ ለብቻ አስከፈለኝ፤ ሻንጣው ከአንድ ሰው ይበልጥ ቦታ ይዞ ነበርና አልተከራከርኩም። ሆቴሉ አዲስ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ልጆቹም ትሑቶች ናቸው። ሙቅ ውሃ ግን ጠዋት የለም፤ የሚመጣው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ያደረ ሰው ይህን ይረዳኛል። ብርድ ልብሱ ያው ያገራችን ነው፣ ከባድ ነው፣ ፍራንክፈርት ካለው ማሞቂያዬ አሥር እጅ ይሻላል። ስለ ሽሮው ብጀምር አላቆምም።

ወደ ሰዓቱ ልግባ። ጀርመን ውስጥ ያገለገሉ የስዊስ ሰዓቶችን እገዛለሁ፣ አንዳንዴም እሸጣለሁ፤ መተዳደሪያዬ ሌላ ነው፣ ይህ አመሌ ነው። የወንድሜ ጓደኛ «የአንድ የድሮ መኮንን ልጆች የአባታቸውን ኦሜጋ ሊሸጡ ነው» ብሎ አወራ። በጃንሆይ ዘመን ውጭ ተምሮ የተመለሰ መኮንን ጥሩ የስዊስ ሰዓት አስሮ ቢመጣ የሚያስገርም አይደለምና ወሬውን አልናቅሁትም።

ስፒድማስተር፣ የድሮው፣ ባትሪ የለውም፤ በእጅ ይሞላል። ከመሙያው በላይና በታች ሁለት ቁልፎች አሉት። የላይኛው ረጅሙን ቀጭን ጠቋሚ ዘንግ ያስነሳዋል፣ ሲደገም ያቆመዋል፤ የታችኛው ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ገጹ ላይ ካሉት ሦስት ትንንሽ ክቦች አንዱ የዘወትሩን ሰከንድ ያሳያል፣ አንዱ እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዱ እስከ 12 ሰዓት ይቆጥራል። በፈረንጅ 1970ዎቹ የተሠራው፣ ደህና ከተያዘ፣ አውሮፓ ውስጥ ከ4 ሺህ ዩሮ በላይ ይጠየቅበታል።

ደላላው ገና ከኪሱ ሳያወጣው «እህቴ፣ ይሄ እኮ ጨረቃ ላይ የወጣው ነው» አለኝ። በፈረንጅ 1969 ከአፖሎ 11 ጋር የሄደው 321 የሚባለውን ማሽን የያዘው ነው። ባዝ አልድሪን ጨረቃ ላይ ሲወርድ እሱን አስሮ ነበር፤ አርምስትሮንግ የራሱን መንኮራኩሩ ውስጥ ትቶት ወረደ። ይህኛው ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን 861 የያዘ ነው። መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም ጠንካራ ማሽን ነው፤ ጨረቃን ግን ዋጋ ላይ መደመር አይቻልም። ይህን ስነግረው መልሱን ለወንድሜ ሰጠው። ከዚያ በኋላም ስለ ዋጋ ባወራ ቁጥር ዓይኑ ወንድሜ ላይ ነው። ከፋይዋ እኔ፣ ሰዓቱን የማውቀው እኔ፣ ወንድሜ ደግሞ ስንት ሰዓት ነው ሲባል ስልኩን የሚያወጣ ሰው! ወደ እኔ ዞሮ የጠየቀኝ አንድ ነገር ቢኖር «መቼ ነው የምትመለሺው?» የሚል ነበር። ለጨዋታ መስሎኝ ነገርኩት።

ክዳኑ ሳይከፈት ብር አላወጣም አልኩና ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄድን። ገበያው አካባቢ በረንዳ ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ፊት የሚቀመጡ አዛውንት ናቸው። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ክዳኑን በትክክለኛው መፍቻ ፈቱት፤ ቢላ የሚያስገባ ስንት አለ። ከክዳኑ ውስጥ 145.022 የሚለው ቁጥርና ዓመቱን የሚጠቁመው 71 ተቀርጿል። ማሽኑ የመዳብ መልክ አለው፣ 861ም ተጽፎበታል። «ማሽኑ የራሱ ነው» አሉ። ከዚያ ሰዓቱን በጋቢያቸው ሸፍነው «ነይ እስቲ እዪ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ዘንጎቹ ያበራሉ፣ ገጹ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው።

በዚያን ጊዜ ለሊት ብርሃን የሚቀባው ትሪቲየም የሚባል ጨረር አፍላቂ ንጥረ ነገር ነበር፤ ገጹ ግርጌ ስዊስ ሜድ ከሚለው ግራና ቀኝ ያለችው ቲ የምትባለው ፊደል ምልክቱ ናት። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል፤ ከ50 ዓመት በኋላ የሚያበራ ነገር አይተርፈውም። ስለዚህ ዘንጎቹ በኋላ የተቀየሩ ናቸው ማለት ነው። ፀሐይ ላይ አውጥተን ስናየውም የገጹ ነጠብጣቦች የሸኖ ቂቤ መስለዋል፣ የዘንጎቹ ቅብ ግን ነጭ ነው። ይህን ያህል ነገር እኔ የማውቀው ለዓመታት መጽሔት አገላብጬ ነው፤ እሳቸው በጋቢ አወቁት።

ቀጥለው ቁልፎቹን ደጋግመው ተጫኑ። ረጅሙ ዘንግ ወደ ዜሮ ሲመለስ ሁለት ሰከንድ ያህል አልፎ ይቆማል። «ዘንጉ ከተሰካበት ላልቶ ከሆነ ቀላል ነው። መላሹ መዶሻ ተበልቶ ከሆነ ግን ዕቃው እዚህ የለም። እኔ አልነካልሽም፣ አበላሽብሻለሁ» አሉኝ። አልችልም የሚል ባለሙያ ስንት ጊዜ ፈልጌ አጥቻለሁ! ጀርመን ውስጥ የክሮኖግራፍ፣ ማለትም እንዲህ ያለ ቆጣሪ ያለው ሰዓት፣ እድሳት ከ500 ዩሮ በታች አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ክዳን ከፍቶ ለማየት እንኳ ቀጠሮ ይያዛል። እሳቸው 200 ብር ተቀበሉ። ስጨምር መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ ከ420 ሺህ ብር ወደ 360 ሺህ ወረድን። ደላላው «ቀብድ ካልያዝሽ ነገ ሌላ ይወስደዋል» አለ። ወንድሜ ውል ጻፈ፦ ሰዓቱ ከነብረት ሰንሰለቱ፣ ዋጋው፣ የርክክቡ ቀን፣ ሁለት ምስክር። 20 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁ። ለደላላው ሁለት በመቶ ከኔ፣ ሁለት በመቶ ከሻጭ ተባለ።

በርክክቡ ቀን ካፌ ተቀምጬ ጠበቅሁ። «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ።» ሻይ ጠጣሁ። «አንድ አፍታ።» ሌላ ሻይ። ማምሻውን ባለቤቱ ሸዋ ሮቢት ወርዷል ተባለ። በማግስቱ መንገዱ ተዘግቷል አሉ፤ በመንገድ ነገር አይቀለድም፣ አምኜ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ገብርኤል ሆነ። ገብርኤልን ማን ይከራከራል? ከገብርኤል ወዲያ ስልክ አይነሳም። ወንድሜ በጎረቤት ስልክ ሲደውልለት ግን ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ፤ ከተማው ውስጥ፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ተቀምጧል።

በመጨረሻ ሲመጣ ሰዓቱ በቆዳ ማሰሪያ ታስሯል። ሰንሰለቱስ? «ሰንሰለቱ ለብቻው ነው፣ 60 ሺህ።» ውሉን አወጣሁ። ሳያየው «ያ ያኔ ነው» አለ። ወዲያው ዋናውን አመጣው፦ ባለቤቱ ብር አልፈልግም ብሏል፣ በዩሮ ይሁን ብሏል፣ ሂሳቡም በባንክ ሳይሆን በጥቁር ገበያው ምንዛሪ። እኔ ዩሮዬን ባንክ ቀይሬ፣ ደረሰኜን ይዤ ነው የቀረብኩት። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ባንክ መቀየር እንደ ድሮው አያንገበግብም፣ የመስኮቱም ልጆች ቶሎ ጨረሱልኝ። ይህን አስረድቼው ሳልጨርስ የነዳጅ ጨመረ። የሸዋ ሮቢቱን ነዳጅ! ያልሄደበትን! ሲደመር 480 ሺህ አለፈ።

ያን ጊዜ ነው የመመለሻዬን ቀን ለምን እንደጠየቀ የገባኝ። ቀጠሮው የሚገፋው ባለቤቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ባለቤቱ ቤቱ ነው። ቀኔ እያለቀ ሲመጣ የምከራከርበት ጉልበትም አብሮ ያልቃል ተብሎ ነው። ቀብድ ይዞብኛል፣ ሰዓቱን ወድጄዋለሁ፣ ሻንጣዬ ሊዘጋ ነው፤ ታዲያ ከመክፈል ሌላ ምን ትሆናለች? እንዲህ ነው ስሌቱ።

ጀርመንን ማነጻጸር እንደማያምር አውቃለሁ፤ ወንድሜም «ጀመርሽ ደግሞ» ይለኛል። ግን ተናድጃለሁ። እዚያ ከነጋዴ በኢንተርኔት የተገዛን ሰዓት በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ይቻላል። ካርልስሩኧ ያለው የሰዓት መገበያያ ድረ ገጽ ክሮኖ24 ደግሞ ሰዓቱ ገዢው እጅ እስኪገባ ገንዘቡን እሱው ዘንድ ያቆየዋል። ለደብረ ብርሃን ይህ ሁሉ ይኑራት አላልኩም፤ ሁለት ምስክር ፊት የተፈረመ ወረቀት ይከበር ነው ያልኩት።

ደግሞ ሕጉ እኛም ዘንድ አለ። ወንድሜ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቀሰለት፤ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያልፈጸመ ወገን እጥፉን ይመልሳል ይላል። ደላላው ሳቀ። እጥፉ ቀርቶ የራሴን ለማስመለስ ሽማግሌ ተላከ፣ ቡና ተፈላ፣ «አንተም ተው፣ አንቺም ተዪ» ተባለ። የተመለሰልኝ 17 ሺህ ብር ነው፤ 3 ሺሁ ለድካሙ ቀረ። ክሰሺ ያለኝ ነበር፤ አውሮፕላኑ ግን የችሎት ቀጠሮ አይጠብቅም።

ስለዚህ ከውጭ መጥታችሁ ውድ ነገር የምትገዙ፣ የመመለሻ ቀናችሁን ለማንም አትናገሩ፤ ለሚጠይቅ «ገና ነኝ» በሉት። ቀብድ የግድ ከሆነ ለደላላው ሳይሆን ለባለቤቱ ስጡ፣ መታወቂያውን አይታችሁ። ወደ ጀርመን የምትመለሱ ደግሞ በአውሮፕላን ከ430 ዩሮ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ስታስገቡ ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ እጅ ላይ መታሰሩ አያድንም፣ 19 በመቶው ታክስም ዋጋው ውስጥ ይታሰብ።

ሰዓቱ አሁንም እየዞረ ነው። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ከቶሮንቶ ለመጣች ለአንዲት የሰፈራችን ልጅ በ520 ሺህ ቀርቦላታል። ምልክቱ ይኸው፦ ክዳኑ ውስጥ 71፣ ቂቤ የመሰለ ገጽ፣ ነጭ ቅብ ያለው ዘንግ፣ ዜሮን አልፎ የሚቆም ቆጣሪ። ሰንሰለቱን አብሮ ካላመጣው እሱ ነው። ሰዓት ሠሪው እሑድና በዓል አይቀመጡም፤ በሌላው ቀን ከረፋዱ ጀምሮ አሉ፣ ሰልፍም የለባቸውም።