ቻርት ጄኤስ፣ ኢቻርትስ ወይስ ሃይቻርትስ? በሰሜን ሸዋ ለሚያገለግል መተግበሪያ የትኛው ይሻላል

የሸዋ ሮቢትን የማሾ ዋጋና የምንጃርን የጤፍ ዋጋ ለገበሬ ማኅበራት የሚያሳይ መተግበሪያ እንበል። ተጠቃሚው ገበያ መሀል ቆሞ በስልኩ ያያል፤ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ግራፉን የሚስሉት እንደ ቻርት ጄኤስ፣ ኢቻርትስና ሃይቻርትስ ያሉ በድረ ገጽ ላይ ግራፍ ለመሳል የተዘጋጁ የኮድ ስብስቦች ናቸው። ስለዚህ ከግራፉ ውበት በፊት የሚታየው የኮዱ ክብደትና ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው።

በዚህ መለኪያ ሌላው ተመሳሳይ የኮድ ስብስብ ጉግል ቻርትስ ገና ከመነሻው ይወድቃል። ነፃ ቢሆንም ኮዱ የሚጫነው ከጉግል ሰርቨር ብቻ ነው፤ አውርዶ በራስ ሰርቨር ማስቀመጥ ውሉ አይፈቅድም። መስመር ሲቋረጥ የሚቀረው ባዶ ሳጥን ነው።

ቻርት ጄኤስ ተጨምቆ 70 ኪሎባይት ገደማ ነው። ኢቻርትስ ሙሉው ተጨምቆም ከ300 ኪሎባይት ይበልጣል፤ የሚፈለጉትን ክፍሎች ብቻ ነጥሎ በመጥራት ግን በብዙ ይቀንሳል። ሁለቱም ለንግድ ሥራ ጭምር በነፃ ይፈቀዳሉ። ሃይቻርትስ ለንግድ ሲሆን ፈቃድ ይገዛለታል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ላለ ትንሽ ድርጅት ከዋጋው ይልቅ መክፈያ መንገዱ ያስቸግራል። ዓይነ ስውራን በስክሪን አንባቢ የሚጠቀሙበት ሥራ ከሆነ ግን ከሦስቱ በዝግጅቱ የሚቀድመው እሱ ነው።

የመረጃው ብዛት ሌላው መለያ ነው። የፋብሪካ ማሽን ሙቀት በየ5 ደቂቃው ቢመዘገብ በዓመት 105,120 ነጥብ ይሆናል። ሃይቻርትስ በኤስቪጂ (የግራፉን ቅርጾች ለየብቻ የገጹ አካል አድርጎ በሚስል ዘዴ) ስለሚስል ቡስት የተባለው ተጨማሪ ክፍል ካልገባ አሳሹን ያንቀረፍፈዋል። ቻርት ጄኤስ የሚሳሉትን ነጥቦች ቁጥር የሚቀንስበት መንገድ አለው፤ የሚሠራው ግን በመስመር ግራፍ ብቻ ነው፣ ፓርሲንግም (የገባለትን መረጃ ወደ ራሱ ቅርጽ የሚቀይርበት ሥራ) መጥፋት አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ኢቻርትስን ይውሰዱ።

ሦስቱም የሚቸገሩት በዘመን አቆጣጠራችን ነው። አሳሹ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጥ ይችላል፤ በግራፉ ግርጌ ያለው የጊዜ መስመር ምልክቶች ግን በፈረንጅ ወር መባቻ ላይ ስለሚያርፉ ኦክቶበር 1 አብዛኛውን ጊዜ «መስከረም 21» ሆኖ ይወጣል። ምልክቶቹን በእጅ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚያገለግለው የኮድ ትእዛዝ በቻርት ጄኤስ አፍተር ቢልድ ቲክስ፣ በሃይቻርትስ ቲክ ፖዚሽነር ይባላል። ወርኃዊ መረጃ ከሆነ ግን የጊዜ መስመሩን ትቶ 13ቱን ወራት በስም መደርደር ይቀላል። ያኔ ጳጉሜን ታሳስታለች፦ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች የሽያጭ ድምሯ የሌላውን ወር አንድ ስድስተኛ ያህል ይሆንና ገበያው የወደቀ ይመስላል። ከነሐሴ ጋር ይደመር፣ ወይም ሁሉም ወር በቀን አማካይ ይሳል።

ፊደሉም ጣጣ አለው። ቻርት ጄኤስና ኢቻርትስ በካንቫስ (ግራፉ እንደ አንድ ሥዕል በሚቀባበት የገጹ ክፍል) ሲስሉ የግዕዝ ፎንቱ ሳይደርስ ከተሳለ ጽሑፉ በሌላ ፎንት፣ በአሮጌ ስልክ ደግሞ በባዶ ሳጥን ወጥቶ ይቀራል፤ ፎንቱ ቆይቶ ቢመጣም ካንቫሱ ራሱን አያድስም። ፎንቱን ከመተግበሪያው ጋር ያስቀምጡ፤ መጫኑን አረጋግጠው ይሳሉ።

ሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ስህተቶችም ይለያያሉ። ቻርት ጄኤስ የቀድሞው ግራፍ ዲስትሮይ በተባለው ትእዛዝ ሳይጠፋ በዚያው ካንቫስ ሌላ ቢሳል ስህተት ያወጣል፤ የራሱ የሆነ መያዣ ሳጥን ካልተሰጠውም ቁመቱ እያደገ ሊሄድ ይችላል። ኢቻርትስ ደግሞ መያዣው ቁመት ከሌለው ምንም አያሳይም፤ ስልኩ ሲዞርም መጠኑን የሚያስተካክለው ሪሳይዝ የተባለ ትእዛዝ ካልተጠራ በድሮው ስፋቱ ይቆያል።