የእማዬን ቤት መብራት ለመለሱልን ጋሼ

ስማቸውን እንዳልጽፍ ከልክለውኛል። «ሥራ አብዝተህብኝ ልትገድለኝ ነው?» አሉኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ አመሰግናቸዋለሁ።

እማዬ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። የመብራት ምሰሶ እዚያ አልደረሰም። ንፋሱ ግን እንኳን ለእሷ ለጎረቤትም ይተርፋል። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ አነስ ያለች የንፋስ ማመንጫ በጨረታ ገዛሁላት። ሦስት ክንፍ አላት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ40። ሁለት ባትሪ ትሞላለች። አምፖል፣ ስልክ፣ ሬዲዮ፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥን። እማዬ «ማራገቢያው» ነው የምትለው።

አምና ክረምቱ ሲወጣ ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። ብረት ለብረት ሲፋተግ ዓይነት ድምፅ። አንድ ጠጋኝ ጠራሁ። አንድ ሰዓት ሠርቶ ጩኸቱን ዝም አሰኘው፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እኔም መርቄ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ግን ባትሪው አልሞላ አለ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አምፖሉ ይደበዝዛል። ሰውዬውን መልሼ ስጠራው «ኮይሉ (መብራቱን የሚያመነጨው የተጠቀለለ ሽቦ) ተቃጥሏል፣ ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይጠቀለል» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ተቀመጥኩ።

ጋሼን የጠቆመኝ ጎረቤት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ቤታቸው ዲናሞ የሚጠቀልሉ ሰው ናቸው። መጡና ምንም ሳይፈቱ ቴስተራቸውን አወጡ። ከማመንጫዋ የሚወርዱትን ሦስት ሽቦዎች ከባትሪው መስመር ነቅለው፣ እኔን ክንፉን በሰከንድ አንድ ዙር እንዳዞር አዘዙኝ። እሳቸው ሰዓት እያዩ ይቆጥራሉ። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ለኩ። 5 ቮልት፣ 5 ቮልት፣ 5 ቮልት።

«ኮይል ቢቃጠል ሦስቱ እኩል አይሆኑም ነበር» አሉ። «ሦስቱም እኩል ከወረዱ ኮይሉን ተወው፣ ማግኔቱን ጠይቅ።»

የመቆጣጠሪያው ሳጥን ክዳን ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የሠራው ሰው በማርከር ጽፎ ትቶ ኖሯል፦ በደቂቃ 60 ዙር፣ 7 ቮልት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ክዳን እየከፈትኩ ስዘጋ አንድም ቀን አላነበብኩትም።

የማራገቢያውን ምሰሶ አጋድመን ስንፈታው ጉዱ ወጣ። ማሽኗ ሁለት የብረት ዲስክ አላት። በእያንዳንዱ ላይ 12 ማግኔት፣ መሀላቸው ደግሞ በሬዚን፣ ፈሶ በሚደርቅ ፕላስቲክ፣ የታሸገው ኮይል። ክፍተቱ በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። ጋሼ ቡሎኖቹ ላይ የሚያብረቀርቁ አዳዲስ ሮንዴላዎች አዩ። «እነዚህ የማን ናቸው?» አሉ። የጠጋኙ ናቸዋ። ዲስኮቹን አራርቆ ጩኸቱን አጥፍቶታል። ማግኔት ደግሞ ትንሽ ሲርቅ ኃይሉ ኮይሉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ለምን ይፋተግ ነበር? ጋሼ ካቻቢቴያቸውን ወደ ሬዚኑ ሰደድ ሲያደርጉ ግራጫ ዱቄት ፈሰሰ። የእኛ ማግኔት ኒዮዲሚየም የሚባለው ጉልበተኛው ዓይነት ነው፤ አብዛኛው ብረት ነው። ከላይ ያለው የኒኬል ሽፋን አንዴ ከተጫረና እርጥበት ከገባ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ሬዚኑን ገፍቶ ኮይሉን ይነካል። የእኛ ዘጠኙ አብጠው ነበር። ቀሪዎቹም እየተከተሉ ነው፣ ሁሉም ይቀየር አሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ሞኝነት ልናገር። ወጪ ልቀንስ ብዬ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ አሥር ማግኔት ገዝቼ ነበር። ጋሼ አይተው ሳቁ። ያ ፌራይት ነው። አይዝግም፣ ሙቀት ይችላል፣ ርካሽ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከኒዮዲሚየም ጋር አይወዳደርም። በእሱ ለመሥራት ዲስኩም ኮይሉም ሌላ መሆን አለበት። «እሺ፣ እንግዲያው ትልቁን N52 ላስመጣ» አልኩ፤ ከN ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲጨምር ማግኔቱ ይጠነክራል። ይሄኔ ቆጣ አሉ። ኮይሉና ክንፉ የተመጠኑት ለነበረው ማግኔት ነው። ጉልበተኛ ስታስገባ ገና በዝግታ ሲዞር ባትሪውን መሙላት ይጀምርና ክንፉን ይይዘዋል። ጥሩ ንፋስ ሲመጣ ክንፉ ፍጥነት አያገኝም። የነበረው N42 ነው፣ N42 ይግባ።

ከቁጥሩ ኋላ የሚመጣውንም ፊደል አስተማሩኝ። ፊደል የሌለው እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚችለው፣ H ያለበት 120፣ SH 150። ዙሪያው በተዘጋ ማሽን ወይም እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ላይ ከሆነ H ይመረጣል። የእኛ ግን ንፋስ እንደ ልብ የሚገባበት ክፍት ማሽን ነው፣ አገሩም ደብረ ብርሃን። «ጠላታችን ውኃ ነው» አሉ። የደብረ ብርሃን አየር ደግሞ፣ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ያው ንፋስ እዚህ ያነሰ ጉልበት ነው ያለው። ስለዚህ የምትባክን ሚሊሜትር ትቆጫለች።

ማግኔቱን ዱባይ ያለችው እህቴ ገዛችው። 24 ሲያስፈልገን 26 አዘዝን። በአውሮፕላን ስለሚመጣ በእንጨት ተለያይቶ፣ ላሜራ በለበሰ ሳጥን እንዲታሸግ ጋሼ ቀድመው አስጠነቀቁ፤ ማግኔት ኮምፓስ ስለሚረብሽ የአየር ጭነት ሰዎች ይቆጣጠሩታል። ሲደርስ አንድ በአንድ ፈተኑት። በማግኔቱና በላሜራው መሀል ስስ ኮምፔንሳቶ ያደርጉና በእጅ ሚዛን ይስባሉ። ስንት ኪሎ ላይ እንደሚላቀቅ ይጽፋሉ። አንደኛው ገና ሳይሳብ ተላቀቀ፣ ወደ ጎን ተደረገ።

በሥራው ቀን ሰዓትና ስልክ ራቅ ተብሎ ተቀመጠ። ልብ ላይ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ካለ እንዳይጠጋ አሉ። እማዬ ቡና ይዛ ስትመጣ የስኳሯ ማንኪያ ከሳህኑ ተነስታ ዲስኩ ላይ ጠቅ አለች። «ኧረ በስመ አብ!» አለች እማዬ። «እትዬ፣ ጣትዎ ቢሆን ኖሮስ?» አሏት። እውነታቸውን ነው። ሁለቱ ዲስኮች በእጅ አይገጠሙም፤ በሦስት ረጃጅም ቡሎን ቀስ እየተባለ ነው የሚወርዱት።

ቦታ ማስያዣው ኮምፔንሳቶ ላይ የተቆረጠ 12 መስኮት ነው። ማግኔቱ አንዱ ሰሜን አንዱ ደቡብ እያለ ይደረደራል። ጋሼ ሌላ ማግኔት በእጃቸው አጥብቀው ይዘው ዞሩበት፦ ይስባል፣ ይገፋል፣ ይስባል፣ ይገፋል። ሰባተኛው ላይ ሊስብ ሲገባው ገፋ። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ቃል አልተናገሩም፣ ገልብጠው መለሱት። ከዚያ ሬዚን፣ ከዚያ ጠርዙን ሁሉ ኢፖክሲ ቀለም።

ሮንዴላዎቹ ወጡ። ክንፉን በሰከንድ አንድ ዙር አዞርኩ። 7 ቮልት፣ በሦስቱም። ጋሼ ቀኑን ከቁጥሩ ጋር ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፉ። የሦስት ቀን ጉልበት 6,000 ብር ጠየቁኝ፣ ከዚያ ላይ የሬዚኑን ትራፊ መልሰውልኛል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አውሩኝ። ከመደወላችሁ በፊት ሦስቱን ሽቦ ለክታችሁ ጻፉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ጠዋት ደውሉ። ከሰዓት በኋላ ዲናሞ ስለሚጠቀልሉ አያነሱም።