ሐጅ ይቅደም ወይስ ዑምራ?

ሰሞኑን ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ቡና ላይ አንድ አባት ጎረቤቴ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ያጠራቀምኳት ብር ለዑምራ ትበቃለች። ልሂድ ወይስ ለሐጅ ልጠብቅ?»

ሁለቱም ወደ መካ የሚደረጉ የአምልኮ ጉዞዎች ናቸው፤ መነሻቸውም አንድ ነው። ወንዱ ያልተሰፋ ሁለት ነጭ ጨርቅ ለብሶ ኢሕራም፣ ማለትም ለአምልኮው የሚገባበት የተቀደሰ ሁኔታ፣ ውስጥ ይገባል። ካዕባን 7 ጊዜ ይዞራል። በሶፋና በመርዋ መካከልም 7 ጊዜ ይመላለሳል፤ ሃጀር ለልጇ ለኢስማዒል ውሃ ፍለጋ የባዘነችበት ቦታ ነው። ፀጉሩን ተላጨ ወይ አሳጠረ፣ ዑምራው አለቀ። ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፤ ዓመቱን ሙሉም ይቻላል።

ሐጅ ግን ቀን አለው። በሂጅራ አቆጣጠር የመጨረሻው ወር በሆነው በዙልሒጃ 8 መካ አጠገብ ወዳለው ሚና፣ በ9 ዓረፋ ሜዳ። ልቡ እዚህ ነው፤ ዓረፋ ላይ ያልቆመ ሐጅ የለውም። ማታ ሙዝደሊፋ ገላጣ ሜዳ ላይ ማደር አለ። ብዙ ሰው የሰይጣን ምሳሌ በሆኑት ዓምዶች ላይ የሚወረውረውን ጠጠር የሚለቅመው እዚያው ነው። ጠጠር ስል ሽምብራ የምታክል እንጂ ቋጥኝ አይደለም! እኛ እዚህ ዒድ አልአድሐን ስናከብር እነሱ ሚና ላይ ይወረውሯታል።

ወጪውም ድካሙም የሐጅ ይብሳል። የረመዳን ዑምራ ምንዳዋ ሐጅን ያህላል የሚል ሐዲስ አለ፤ የሐጅን ግዴታ ግን አታወርድም። አቅም ላለው ሰው በዕድሜው 1 ጊዜ ግዴታው ሐጅ ነው።

«እኔ ብሆን እጠብቃለሁ» አልኳቸው።

ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። «እሱስ ይጠብቀኛል?» አሉና በረካውን አነሱ።