ያገለገለ 2ኤንዜድ ሞተር በቪትዝ ላይ፦ የ9 ወር ግምገማ፣ የመንቀጥቀጡ ጉዳይ ጭምር

መኪናው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ቶዮታ ቪትዝ ነው። የገባለት ከዱባይ የመጣ፣ ያገለገለ፣ ባለ 1,298 ሲሲ 2ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ሲሆን ከነኮይሉ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) እና ከነማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቧንቧ) ተገዝቷል፤ ካምቢዮው የድሮው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 9 ወር፣ 11,000 ኪሎ ሜትር ሠርቷል። ሞተሩ ጥሩ ነው። አብረውት የተገዙት አዲስ ርካሽ የሞተር ሱፖርቶች (ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያስይዙት ባለ ጎማ መያዣዎች) ግን አይረቡም፣ ማንም እንዳይገዛቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኪናውን ካንቀጠቀጡት ነገሮች ውስጥ አንዱም ከሞተሩ ሆድ ዕቃ የመጣ አልነበረም። ሞተር ያስቀየረ ሰው መኪናው ሲንቀጠቀጥበት ቶሎ የሚሰማው ምክር "ሞተሩ አይሆንም፣ ይውረድና ሌላ ይግባ" የሚል ነው። ይህን ከመስማቱ በፊት ከታች ያሉትን ይፈትሽ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው መቼ ይንቀጠቀጣል የሚለው ነው። ቆሞ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር)፣ ማርሹ ኤን (ነጻ) ላይ እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጎማና አክስል ከጥርጣሬ ወጡ። ኤን ላይ ረጋ ብሎ ዲ ሲገባ ብቻ መሪውና ዳሽቦርዱ ከተርገፈገፉ ሱፖርቶቹ ናቸው፣ ወይም ሚኒሞው ከ700 ዙር በታች ወርዷል። ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ከዙሩ ጋር እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ቦታ ይታይ። እየተነዳ ነዳጅ ሲረገጥ መጥቶ እግር ሲነሳ የሚጠፋው የአክስል ነው፤ ሞተር ሲወርድ አክስሎቹ ስለሚነቀሉ የውስጥ መገጣጠሚያቸው ተጎትቶ ወይም በደንብ ሳይገባ ሊቀር ይችላል። ከ80 በላይ ብቻ መሪ ላይ የሚመጣው ከሞተር ቅየራው ጋር አይገናኝም፣ ጎማው ባላንስ ይደረግ።

ቆሞ የሚንቀጠቀጠውን በሁለት መክፈል ይቻላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በ700 ዙር በደቂቃ 1,400 ጊዜ ይተኩሳል። ይህ በመቀመጫ የሚሰማ ደቃቅ ንዝረት እንጂ በዓይን የሚቆጠር አይደለም፤ እሱ ከበዛ ሱፖርቱ ነው፣ ወይም የሆነ ቦታ ብረት ከብረት ተነካክቷል። አንድ ሲሊንደር ሚስ ሲያደርግ (ሳይተኩስ ሲቀር) ግን ጉድለቱ በደቂቃ 350 ጊዜ፣ በሰከንድ ወደ ስድስት ጊዜ ይመላለሳል፤ የሞተሩ ክዳን ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል። ከማርሚታው ጫፍ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጎ እጅን መያዝ ነው፦ ጤነኛው በእኩል ምት ይገፋል፣ ሚስ የሚያደርገው በየመሃሉ አንድ ምት ይዘላል።

ሚስ ካለ በብሉቱዝ የሚሠራ ተራ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የጥፋት ኮድ የሚያነብ) ሲሊንደሩን ይናገራል፤ ከፒ0301 እስከ ፒ0304 የመጨረሻው አኃዝ የሲሊንደሩ ቁጥር ነው። ወዲያው ኮይል አይገዛም። የተጠረጠረው ኮይል ከጎረቤቱ ጋር ቦታ ይለዋወጥ፣ ኮዱ ይጥፋ፣ እንደገና ይነዳ። ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ኮይሉ ነው፣ ካልሄደ ካንዴላውም በዚሁ መንገድ ይሞከር። የካንዴላው ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ካልሆኑ ወደ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) እና ወደ ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይኬዳል።

ኮምፕሬሽን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ይኮነናል። የፋብሪካው መጽሐፍ ለዚህ የሞተር ቤተሰብ ጥሩ የሚለው ወደ 213 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ ዝቅተኛ የሚለው ወደ 156 ነው። ይህ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ያለው ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ፒስቶኑ የሚያገኘው አየር ሲሳሳ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። እዚህ 160 ያነበበ ሲሊንደር ታች ባሕር ዳርቻ ቢለካ ከ210 በላይ ነበር። የዚህ ሞተር ንባብ 160፣ 158፣ 162 እና 157 ነው፤ በ9 ወሩ ተለክቶም አልተለወጠም። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ ልዩነቱ ይታይ፦ በሲሊንደሮች መካከል ከ14 ፒኤስአይ በላይ መራራቅ የለበትም። ሲለካ ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የኢንጀክተር ሶኬቶች ይነቀሉ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። በደከመ ባትሪ የተለካ ኮምፕሬሽን ዋጋ የለውም። የማኒፎልዱን የመሳብ ኃይል የሚለካው የቫኪዩም ጌጅም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፍ ከ17 እስከ 22 ኢንች (በሜርኩሪ) ሲል አዲስ አበባ ላይ ከሰባት እስከ ስምንት ኢንች ይቀነስለታል።

በዚህ መኪና የመጀመሪያው ጥፋት የአየር ማፍሰስ ነበር። በሚኒሞ የነዳጅ ማስተካከያው ንባብ (ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደጨመረ በኦቢዲ ማንበቢያው የሚታየው) ወደ 18 በመቶ ጨምሮ፣ በ2,500 ዙር ወደ 4 ወረደ። በሚኒሞ ከፍ ብሎ በዙር የሚወርድ ከሆነ ከማኒፎልዱ ላይ ያልተለካ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ከሞተሩ ክዳን ወደ ማኒፎልድ የሚሄደው ጎማ ቱቦ እጥፋቱ ሥር ተሰንጥቆ ነበር፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ በጣት ሲያጥፉት አፉን ይከፍታል። ለመፈለግ ቤንዚን ወይም ክሊነር በጋለ ሞተር ላይ መርጨት እሳት ያስነሳል፤ ውኃ በመርጫ ጠርሙስ በቂ ነው፣ ቀዳዳው ላይ ሲያርፍ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ማኒፎልዱ ከተፈታ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) በአዲስ ይተካ፣ የደረቀውን በሲሊኮን ማሸት አያዛልቅም።

ሞተሩ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ከሆነ የቪቪቲ (የሞተሩን ቫልቮች መከፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል) ዘይት ቫልቭም ይጠርጠር። በጭቃ ተይዞ ክፍት ከቀረ በሚኒሞ ክፉኛ ያንቀጠቅጣል፣ ዙር ሲጨምር ደህና ይሆናል። ሞተሩ በሚኒሞ እያለ ለቫልቩ 12 ቮልት በቀጥታ ሲሰጠው ሞተሩ መንገጫገጭ ወይም መጥፋት አለበት፤ ምንም ካልተለወጠ ቫልቩና ወንፊቱ ወጥተው ይታጠቡ።

አሁን ሱፖርቶቹ። ርካሾቹ በእጅ ሲያዙ ከድሮው ይከብዳሉ፣ ጎሚኒያቸው (ጎማቸው) ጥፍር አያስገባም። ይህ ጥንካሬ ሳይሆን ድርቀት ነው። ሞተሩን አጥብቀው ይይዙታል፣ ንዝረቱን ግን ሳይውጡ ወደ ሻንሲው ያስተላልፉታል። በአምስተኛው ወር የቀኙ ጎሚኒ ከብረቱ ተላቀቀ፤ ዲ ሲገባ "ቋ" የሚል ድምፅ መጣ። በምትኩ የገባው ያገለገለ ግን ያልተሰነጠቀ ኦሪጅናል ነው፣ በዚያው ቀን ንዝረቱ ቀነሰ። አገጣጠሙም ድርሻ አለው፦ ሦስቱም ሱፖርቶች መጀመሪያ በእጅ ይገቡ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ ሞተሩ ክብደቱን ጥሎ ይቀመጥ፣ ተነስቶ ትንሽ ይሥራ፣ ከዚያ ቡሎኖቹ ይጥበቁ። በክሪክ ተሰቅሎ እያለ የጠበቀ ሱፖርት ተጠምዞ ይኖራል። የማርሚታው ቧንቧም መጨረሻ ላይ ይጥበቅ፤ ወለሉን ወይም ማቀፊያውን ከነካ ሞተሩን ያለ ጥፋቱ የሚያስወቅስ ጩኸት ያመጣል።

ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲገናኝ መሃሉን የሚያስይዙት ሁለት ባዶ የብረት ቀለበቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ በወረደው ሞተር ላይ ይቀራሉ፣ ማንም ሳያስታውሳቸውም አሮጌው ይሸጣል። ያለ እነሱ ቡሎኖቹ ይጠብቃሉ፣ ካምቢዮው ግን በፀጉር ስፋት ይዛነፋል፤ ዙር ሲጨምር የሚብስ ንዝረትና የዘይት ማንጠባጠብ ያስከትላል። ኮንቨርተሩም (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው) እስከ መጨረሻው ሳይገባ በቡሎን ተስቦ ከተጠጋ የካምቢዮውን ፓምፕ ይሰብራል፤ ሁለቱ አካላት በእጅ ተገፍተው መጋጠም አለባቸው።

የሞተሩ የምድር ሽቦ መኖሩም ይረጋገጥ። የባትሪው ነጌቲቭ ተነቅሎ ከቆየ ኮምፒውተሩ ሚኒሞን እንደገና እስኪማር ኤሲው ጠፍቶ፣ ከዚያም በርቶ፣ አሥር አሥር ደቂቃ ይሥራ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ቁጥሩ ይነበብ፣ ፎቶ ይነሳ፣ የግዢው ደረሰኝ ይቀመጥ።

ዘይቱ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይወስዳል፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ሲቀየር ጉድለቱ ግማሽ ሊትር አይሞላም፣ ጭስ የለም። አሁን የቀረው ኤሲው በርቶ ዲ ላይ መብራት ሲጠበቅ የሚሰማ ትንሽ ንዝረት ነው። የኋላው ሱፖርት አሁንም ከርካሾቹ አንዱ ስለሆነ የሚቀጥለው ሥራ እሱን ማውጣት ነው።