ባለ 35 ሊትሯ ኦቨንና የእማዬ ችፕስ

ይህችን ኦቨን የገዛኋት ለኬክ አይደለም። ለዳቦም አይደለም። ለድንች ችፕስ ነው።

እማዬ ደም ግፊት አለባት። አምና ክረምት ላይ ሐኪሟ ጨውና ዘይት በደንብ እንድትቀንስ ነገራት። እማዬ እሺ ያለችውን ነገር ትፈጽማለች። ቅቤውን ቀነሰች፣ ወጥ ላይ ጨው መጨመር ተወች። ችፕስ ላይ ግን አልሆነላትም። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ባሰ። የ8 ዓመት ልጄም ከእሷ ጋር እጾማለሁ ብሎ ተነሳ። ፍልሰታ የልጆች ጾም አይደል? ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሰዓት በኋላ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነበር፤ በዘይት ተጠብሶ፣ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት የሚመጣ ድንች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ተከልክለሻል» እላታለሁ።

«ልጄ፣ ድንች አይደል እንዴ? ድንች ምን ያደርጋል?» ትለኛለች።

እውነቷን ነው። ድንቹ ምንም አላደረገም። ጉዳዩ ያለው ዘይቱና ጨዉ ላይ ነው። ስለዚህ ድንቹን ሳልከለክላት ዘይቱን የማስቀርበትን መንገድ መፈለግ ጀመርኩ።

መርካቶ ሄጄ ብዙ ሱቅ ዞርኩ። በመጨረሻ 9,500 ብር ከፍዬ ቻይና ሰራሽ የሆነች፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ኤሌክትሪክ ኦቨን ይዤ ወጣሁ። 35 ሊትር ትይዛለች። 1,600 ዋት ናት። ከላይም ከታችም ማሞቂያ አላት፤ ከኋላ አየሩን የሚያዞር ፋን አላት። ሙቀቷ እስከ 250 ዲግሪ፣ ሰዓቷ እስከ 60 ደቂቃ ይሞላል። ሻጩ «እህቴ፣ ይቺ የማትሠራው ነገር የለም» ብሎኝ ነበር። ስምንት ወር ተጠቅሜባታለሁ። በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ ትበራለች። ስለዚህ አሁን ልመሰክርላትም ልመሰክርባትም እችላለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ችፕስ አልተሳካም። ድንቹን ልጬ፣ ከትፌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ አብሯት በመጣው ትሪ ላይ ከምሬ አስገባሁት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳወጣው ከላይ ጫፍ ጫፉ አርሯል፤ ከሥር ደግሞ እንደ ቅቅል ልሟል። ልጄ አንዱን ቀምሶ ሌላውን መለሰ። እማዬ ግን በላችው። «ጎበዝ፣ ሞክረሻል» አለችኝ። ያ ቃል ነው እስከ ዛሬ ያስሞከረኝ።

ያኔ የኦቨኗ ጥፋት መስሎኝ ነበር። ግማሹ እውነትም የእሷ ነው። ግማሹ ግን የእኔ ነበር።

የእሷን ላስቀድም። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ቴርሞሜትር አመጣችልኝ። መሐል ላይ አስቀምጬ 200 ዲግሪ ላይ አዞርኳት። 20 ደቂቃ ጠበቅኩ። ቴርሞሜትሩ 170 ላይ ቆሟል። ደገምኩት፤ ያው ነው። በ170 ዲግሪ ድንች ቶሎ አይደርቅም፤ ውሃው ቀስ እያለ ሲወጣ ይልማል። አሁን 230 ላይ አዞራታለሁ፣ ያኔ እውነተኛውን 200 ትሰጠኛለች። ሁሉም ኦቨን እንዲህ ይሳሳታል ማለቴ አይደለም። የእኔዋ ትሳሳታለች። አዲስ ኦቨን የገዛችሁ ግን በቁልፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት አንድ ቀን ብትለኩ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጉድለቷ ትሪው ነው። ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ጎድጓዳ ነው። ለዶሮ ወይም ለአሳ ይሆናል። ለችፕስ ግን እንፋሎቱን አፍኖ ይይዘዋል። ምናለሽ ተራ ሄጄ ጠርዙ ዝቅ ያለ፣ ዝርግ የአልሙኒየም ትሪ ፈልጌ ገዛሁ። በልክ ነው የገዛሁት፤ የኦቨኗን ውስጥ ቀድሜ በሜትር ለክቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ወዲያው ታየ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ፤ ለሌላውም ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው።

አንደኛ፣ ድንቹ። ጉልት ያለችው ደንበኛዬ «የሻሸመኔ ነው፣ የሆለታ ነው» እያለች ትሸጥልኛለች እንጂ ዝርያውን አታውቀውም። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች አሉ፤ ጉደኔ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በለጠ ደግሞ በ2009 ነው የተለቀቁት። ገበያ ላይ ግን ሁሉም «ድንች» ነው። ለችፕስ የሚሆነው ዱቄታም የሆነው፣ ውሃው ያነሰው ነው። ይህን በዓይን መለየት ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ኩባያ ጨው በ11 ኩባያ ውሃ አሟሙቼ ከገዛሁት አንድ ሁለት ድንች እከትበታለሁ። ከሰመጠ ዱቄታም ነው፣ ለችፕስ ይሆናል። ከተንሳፈፈ ውሃማ ነው፤ እሱን ለአልጫ እተወዋለሁ። ይህቺ ትንሽ ሙከራ ብዙ ድካም አስቀርታልኛለች። ጨው ውሃውን በላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጬ ደጋግሜ እጠቀምበታለሁ።

ድንቹን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥም ትቻለሁ። ድንች ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ያ ስኳር ኦቨን ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል፤ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይመራል። አሁን በማዳበሪያ ከረጢት፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ አስቀምጠዋለሁ። አረንጓዴ የሆነ ካገኘሁ አላበስለውም።

ሁለተኛ፣ ውሃው። ድንቹን በትንሽ ጣት ውፍረት እከትፈዋለሁ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ። ውሃው ነጭ ሲሆን እደፋዋለሁ፣ ደግሜ አለቀልቀዋለሁ። ቀጥሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በሁለት ሊትር ውሃ ጨምሬ ትንሽ እቀቅለዋለሁ። አቼቶው ድንቹ እንዳይፈራርስ ይይዘዋል፤ ሲጋገር ጣዕሙ አይታወቅም። የውጭ አገር ሰዎች 5 ደቂቃ ይበቃል ይላሉ። ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች አይበቃም። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ውሃችን የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እኔ 8 ደቂቃ እሰጠዋለሁ። በሹካ ስወጋው መግባት አለበት፣ መሰበር ግን የለበትም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ማድረቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። እኔም እቸኩል ነበር። የተቀቀለውን ድንች አጠንፍፌ ንጹሕ ፎጣ ላይ እዘረጋዋለሁ። እንፋሎቱ እስኪወጣ 15 ደቂቃ እተወዋለሁ። ከዚያ በሌላ ፎጣ ላዩን ቀስ ብዬ እነካካዋለሁ። እጄን ሳሳርፍበት እርጥበት ካልተሰማኝ ደርሷል። እርጥብ ድንች ኦቨን ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ መጀመሪያ የሚያልቀው ያንን ውሃ በማትነን ነው። ጥርት ብሎ መድረቅ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጫፎቹ ያርራሉ። የመጀመሪያ ቀን የደረሰብኝ ይኸው ነው።

ዘይቱ ለአንድ ኪሎ ድንች ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። ብዙ ጊዜ የሱፍ፣ አንዳንዴ የኑግ። የኑጉ ሽታ ለእማዬ የገጠሩን ቤት ያስታውሳታል፤ ለልጄ ግን ይከብደዋል። የሚረጋውን ዘይት አልጠቀምም። በጎድጓዳ ሳህን በእጄ አሸዋለሁ፣ እያንዳንዱ ድንች ወዛም እስኪሆን። ስሌቱን ለራሴ አስልቼዋለሁ። ሁለት ማንኪያ ዘይት 28 ግራም ገደማ ነው። በዘይት የተጠበሰ ችፕስ ግን ከ100 ግራሙ ብቻ 15 ግራም አካባቢ ስብ ይኖረዋል። አንድ ሳህን ሙሉ የምትበላ እናት ላላት ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ኦቨኗን ቀድሜ 20 ደቂቃ አሞቃታለሁ፤ ባዶው ትሪም አብሮ ይሞቃል። ድንቹን እርስ በርሱ ሳይነካካ፣ አንድ ረድፍ ብቻ እደረድረዋለሁ። አንድ ኪሎው በአንድ ጊዜ አይገባም፣ በሁለት ዙር ነው የምጋግረው። ከ20 ደቂቃ በኋላ አገላብጠዋለሁ፤ ትሪውንም አዞረዋለሁ፤ ምክንያቱም የኋላው ቀኝ ጥግ ከሌላው ቀድሞ ይጠቁራል። ሌላ 15 ደቂቃ ካገኘ ይበቃዋል።

ቀለሙን በዓይኔ እጠብቀዋለሁ፤ በሰዓቷ ብቻ አላምንም። ወርቃማ ሲሆን አወጣዋለሁ። ቡናማ ይሁን፣ ይጥቆር አልልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ድንችን የመሰለ ስታርች ያለው ምግብ በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስ ወይም ሲጋገር አክሪላማይድ የሚባል፣ ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ የሚጠረጠር ነገር እንደሚፈጠርበት አሳወቁ። በጠቆረ ቁጥር ይበዛል። ይህ ኦቨንንም ይመለከታል፤ ዘይት ስላነሰ ብቻ አልተረፍንም። አስቀድሞ መዘፍዘፉና ፍሪጅ ውስጥ አለማስቀመጡ ለዚህም ይረዳል።

ጨው የምጨምረው ከወጣ በኋላ ነው፤ ለአንድ ኪሎው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ላዩ ላይ ስለሚቀር ምላስ ቶሎ ያገኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሚጥሚጣችሁን እዩት። ከሱቅ የምንገዛው ሚጥሚጣ ብዙ ጊዜ ጨው አለበት፤ ዳጣውም እንደዚሁ። እኔ ለወራት ጨው ቀነስኩ እያልኩ በሚጥሚጣ እየመለስኩት ነበር። አሁን ጨው የሌለው አስፈጭቻለሁ። እማዬ መጀመሪያ «ምን ሆነ ሚጥሚጣው?» አለች። በሦስተኛው ሳምንት መጠየቅ ተወች።

ጣዕሙስ? እውነቱን ልናገር፤ በዘይት የተጠበሰውን አይተካውም። ያ ከውጭ ኩርሽም የሚለው ነገር እዚህ ቀጠን ያለ ነው፤ ቶሎም ይለሰልሳል። ወጥቶ እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ይልማል። ስለዚህ እንግዳ ሳይቀመጥ አልጀምርም። የድንቹ የራሱ ጣዕም ግን እዚህ ይበልጣል። በዘይት ሲጠበስ የሚሸፈን የድንች ሽታ አለ፤ ኦቨን ውስጥ ያ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ልጄ አሁን የትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሸጠውን ሲበላ «ዘይት ዘይት ይላል» ይለኛል። ይህን ከእሱ አፍ መስማቴ ደስ አሰኝቶኛል።

ጎረቤቴ ስኳር አለባት። እሷም መጥታ ጠየቀችኝ። ዘይቱን ነው የቀነስኩት፣ ድንቹ ያው ድንች ነው አልኳት። ከሐኪሟ ጋር ሳትማከር በዚህ ተማምና ሳህን እንዳትሞላ ነግሬያታለሁ።

ስለ መብራቱም ልናገር። 1,600 ዋት ቀላል አይደለም፤ ኦቨኗና ምጣዱ አንድ ላይ ሲበሩ የእኛ ቤት ብሬከር ይወርዳል። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ችፕስ የለም። በርካሽ ማከፋፈያ ሰክቻት ማከፋፈያው በሙቀት ቀልጦ ሽታ አወጣ፤ ደግነቱ ቤት ነበርኩ። እባካችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰኩ። ሙሉ ሰዓት ሳታቋርጥ ብትበራ እንኳ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው የምትበላው፤ ሙቀቷ ሲሞላ ስለምታቋርጥ ግን ከዚያ ያንሳል። የካርድ ቆጣሪያችን ላይ ያን ያህል አልከበደኝም። የውጭ ቆርቆሮዋ ግን በጣም ይግላል። ከግድግዳው አራቅኳት፤ ልጄም ስትበራ አጠገቧ አይደርስም።

መሐል ላይ መብራት ከሄደስ? ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። በሯን አልከፍትም። 10 ደቂቃ በራሷ ሙቀት እተዋታለሁ፤ ካልመጣ ጋዝ ምድጃ ላይ ምግብ የማይዝ ወፍራም መጥበሻ አግዬ፣ ዘይት ሳልጨምር እያገላበጥኩ እጨርሰዋለሁ። ያው አይሆንም፣ ግን ይበላል።

ግዙ ወይ ብትሉኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ለምትጋግሩ እላለሁ፣ ግዙ። ዝርግ ትሪና ቴርሞሜትር ግን አብራችሁ አስቡ። በወር አንዴ ችፕስ ለሚያምረው ሰው 9,500 ብር አይገባም። እኔ ጋ የጎደለው የሙቀቷ ቁልፍና ትሪዋ ነው፤ ሁለቱንም አልፌያቸዋለሁ። ሻጩን ተመልሼ ስለ ሙቀቱ ብነግረው «እህቴ፣ እሱ ያው ግምት ነው» ብቻ አለኝ። ገንዘብ የከፈልኩበት ዕቃ ግምት መሆን አልነበረበትም፤ ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

እማዬ ግን ተደስታለች። ጠዋት ከጸሎት ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ኩሽና በር ላይ ቆማ ትጠይቀኛለች፤

«ልጄ፣ ዛሬ መብራት አለ?»

ካለ ድንቹን መዘፍዘፍ እጀምራለሁ።