ዋና የማይችለው ሰው በግራንድ ካንየን፦ ስድስት ቀን በጎማ ጀልባ

የኮሎራዶ ወንዝ ወደሚፈስበት የአሜሪካው ጥልቅ ሸለቆ፣ ወደ ግራንድ ካንየን፣ ከላስ ቬጋስ ስነሳ ባለቤቴ «ዋና ሳትችል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መሪያችን ግን የመንሳፈፊያ ሰደርያዬን በየማለዳው ራሱ እየመጣ ያጠብቅልኝ ስለነበር፣ በሁለተኛው ቀን ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ከሊስ ፌሪ ተነስተን በሸለቆው ግርጌ እስካለው ማረፊያ፣ እስከ ፋንተም ራንች፣ 141 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድን። የሐምሌ ፀሐይ ድንጋዩን ምጣድ ሲያደርገው፣ ከግሌን ካንየን ግድብ ሥር የሚለቀቀው የኮሎራዶ ውሃ በቅዝቃዜው አጥንት ይሰረስራል። ሃንስ የሚባለው ፈረሰኛ ውሃ ከመድረሳችን በፊት መሪው ወርዶ ቋጥኝ ላይ ቆመና ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ተመለከተው። የዚያን ቀን ያስፈራኝ ከውሃው ጩኸት ይልቅ የእሱ ዝምታ ነበር። ባርኔጣዬን ማዕበሉ ወሰደው፤ እኔ ተረፍኩ።

ምግቡ ከጠበቅኩት በላይ ነው፤ በከሰል በተከበበ የብረት ድስት ዳቦ ይጋግራሉ። ጨው ግን ይፈራሉ። በብልቃጥ የያዝኳት ሚጥሚጣ በሦስተኛው ምሽት ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። መጸዳጃው ክዳን ያለው የብረት ሣጥን ነው፤ ይለመዳል።

ቅሬታዬ በመጨረሻው ቀን ላይ ነው። ከፋንተም ራንች ወደ ሸለቆው አፋፍ በሚያወጣው በብራይት ኤንጅል የእግር መንገድ ሻንጣን ተሸክሞ 15 ኪሎ ሜትር፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለ። ጉዞውን ያዘጋጀው ድርጅት በላከው ወረቀት ላይ ይህ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ለዋጋው ውድነት ቢያንስ አንድ ገጽ ይገባው ነበር። ጉልበት የሚያማችሁ ሰዎች ወንዙን እስከ ዳይመንድ ክሪክ የሚጨርሰውን ጉዞ ምረጡ፤ ከዚያ በመኪና ይወጣል።

የሚጥሚጣዋን ብልቃጥ ለመሪው ትቼለት መጣሁ።