ኦሌድ፣ ኪውሌድ ወይስ ሚኒ ኤልኢዲ? ገንዘባችሁን ጥቁሩ ላይ አውሉት

«ኪውሌድ ይሻላል ወይስ ኦሌድ?» ቲቪ ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሁለቱ በስም ይቀራረባሉ እንጂ በአሠራር አይገናኙም። ኪውሌድ ኤልሲዲ ነው። ካርቶኑ ላይ «ኤልኢዲ ቲቪ» የተባለውም ኤልሲዲ ነው፤ ከጀርባው በጣም ጥቃቅን ኤልኢዲዎች የተደረደሩበት ሚኒ ኤልኢዲም እንደዚያው። በሦስቱም ስክሪኑ ራሱ ብርሃን አያወጣም። ከጀርባው ባክላይት የሚባል መብራት ይበራል፣ ፊት ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ደግሞ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይጋርዳል። በኦሌድ ግን እያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉ የሚሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል። 4ኬ ስክሪን ላይ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለ።

ፍርዱን ከወዲሁ ልስጥ፦ ለአብዛኛው ቤት የሚሻለው ቪኤ የተባለ የኤልሲዲ ፓነል (ምስሉን የሚሠራው የስክሪኑ ክፍል) ያለው፣ ባክላይቱ በየክፍሉ ለብቻው የሚደበዝዝ ሚኒ ኤልኢዲ ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ከኢንቹ ቀንሱ እንጂ ከጥቁሩ አትቀንሱ።

ጥቁሩ ለምን ይህን ያህል ይበልጣል? ዓይን የምስልን ጥራት ቀድሞ የሚለካው በብርሃንና በጨለማ መካከል ባለው ርቀት፣ ማለትም በኮንትራስት ነው። የሌላው የኤልሲዲ ዓይነት፣ የአይፒኤስ ፓነል፣ ኮንትራስት 1,000 ለ 1 ገደማ ነው፤ የቪኤ ከ3,000 እስከ 5,000 ለ 1፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። የሌሊት ትዕይንት በአይፒኤስ ላይ አመድማ የሚመስለው ለዚህ ነው። አይፒኤስ የሚያሸንፈው በጎን ለሚቀመጥ ተመልካች ብቻ ነው፤ ቪኤ ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይገረጣል። ክፍሉ ሰፊ ሆኖ ሰው በየማዕዘኑ የሚቀመጥ ከሆነ ይህን አስቡበት። ካርቶኑ የፓነሉን ዓይነት አይነግራችሁም። አንድ ሞዴል እንኳ በ50 ኢንች ቪኤ፣ በ55 ኢንች አይፒኤስ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ይዛችሁ አጣሩ። ሱቅ ውስጥ ሰው የሚታይበት ምስል ክፈቱና ወደ ጎን ሂዱ። የፊቱ ቀለም ቶሎ ከገረጣ ቪኤ ነው።

ኪውሌድ የሚጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ቀለም። ሰማያዊ ኤልኢዲ ከኳንተም ዶት (የብርሃንን ቀለም የሚለውጡ ደቃቅ ቅንጣቶች) ንብርብር ጋር ሲገናኝ የብርሃኑ ከፊል ወደ ጥራት ያለው ቀይና አረንጓዴ ይለወጣል። ጥቁሩ ግን በዚህ አይሻሻልም። ስለዚህ መብራቱ ከጠርዝ ብቻ የሚመጣ ቀጭን ኪውሌድ ላይ ተጨማሪ መክፈል ከግዢ ሁሉ የከፋው ነው። ቅጥነቱ የሚገኘውም መብራቶቹ ከስክሪኑ ጀርባ ተነስተው ዳር ላይ በመደርደራቸው ነው። ወፍራም ቲቪ አያሳፍርም።

ሚኒ ኤልኢዲ ተብሎ የተሸጠ ሁሉም እኩል አይደለም። ለብቻቸው የሚደበዝዙት ክፍሎች በርካሹ ላይ ጥቂት መቶ፣ በውዱ ላይ ከሺህ በላይ ናቸው፤ የምትከፍሉት ለዚህ ቁጥር ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በጥቁር ዳራ ላይ ነጭ ጽሑፍ የሚያልፍበት ቪዲዮ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። በፊደሎቹ ዙሪያ ጭጋግ መሰል ብርሃን ሰፍቶ ከታየ፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ብርሃኑ ከጽሑፉ ኋላ እየቀረ ከተከተለ ደግሞ ማደብዘዙ ዘገምተኛ ነው።

በጨለማ ክፍል ፊልም ለሚያይ ሰው ከኦሌድ የሚደርስ የለም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው፣ ከጎንም አይገረጣም፣ በፈጣን ኳስ ላይ ጥላ አይጎትትም። ነገር ግን ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሲሆን ብርሃኑን ራሱ ይቀንሳል፤ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ይህ ያስታውቃል። ከ2022 ጀምሮ የመጣው፣ ኳንተም ዶት የተጨመረበት ኪውዲ ኦሌድ ቀለሙ ይበልጥ ደማቅ ነው፤ ሆኖም መብራት በበራበት ክፍል ጥቁሩ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ አንድ የዜና ጣቢያ በሚከፈትበት ቤት ደግሞ የጣቢያው ዓርማና ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ ከጊዜ ጋር ስክሪኑ ላይ ይቀራል፤ ፒክስሎቹ እኩል ስለማያረጁ ነው። ብዙ ኦሌዶች በድምር 4 ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ በሪሞት ሲጠፉ ፒክስሎቻቸውን ያስተካክላሉ። ማታ ማታ ከሶኬት የሚነቀል ኦሌድ ይህን ዕድል አያገኝም።

ያገለገለ ፕላዝማ በርካሽ ቢቀርብላችሁ እለፉት። ፓናሶኒክ በ2013፣ ሳምሰንግና ኤልጂ በ2014 ማምረት አቁመዋል፤ መለዋወጫው ከሌላ አሮጌ ቲቪ የሚፈታ ነው።

ወደ ዋጋ እንምጣ። የ65 ኢንች ስክሪን ስፋት ከ55 ኢንች በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የዋጋው ልዩነት ከ40 በመቶ ካለፈ ለእያንዳንዱ ስንዝር ስክሪን የበለጠ እየከፈላችሁ ነው፤ ያንን ልዩነት በ55ቱ የተሻለ ፓነል ላይ አውሉት። ከመግዣው ዋጋ ጎን የብልሽቱን ዋጋም አስሉ። ፓነል ከተሰበረ፣ ኦሌድም ሆነ ኤልሲዲ፣ መቀየሪያው አዲስ ቲቪ ወደ መግዛት ይጠጋል። የኤልሲዲ ጥቅሙ በብዛት የሚበላሸው ባክላይቱ መሆኑ ነው፤ እሱ ደግሞ በትንሽ ወጪ ይጠገናል። ኦሌድ ባክላይት የለውም፤ ብርሃኑ ሲያረጅ ፓነሉ አረጀ ማለት ነው።

በኤልሲዲ ላይ ድምፅ እያለ ምስል ከጠፋ የስልክ መብራት ስክሪኑ ላይ አጋድማችሁ አብሩ። ምስሉ ደብዝዞ ከታየ ፓነሉ ደህና ነው፣ የሞተው ባክላይቱ ነው። ኤልኢዲዎቹ በተከታታይ ስለሚያያዙ አንዱ ሲቃጠል መስመሩ ሁሉ ይጠፋል። ጠጋኙ የተቃጠለችውን አንዲት ኤልኢዲ ብቻ ልቀይር ካላችሁ እንቢ በሉ፤ የቀሩትም በዚያው ሙቀት ስለደከሙ ብዙ ሳይቆዩ ይከተላሉ። ኤልኢዲዎቹ የተደረደሩባቸው ስትሪፖች ሁሉ በአንዴ ይቀየሩ። አዲሱ ስትሪፕ በኤልኢዲ ቁጥርም በቮልትም ከነባሩ ጋር ይግጠም፤ በ3 ቮልት ኤልኢዲ ቦታ የ6 ቮልት ከገባ ባክላይቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጎበዝ ጠጋኝ በዚያው የኤልኢዲውን ከረንት ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ሥራው የሚያስፈራው ስክሪኑን ማንሳቱ ላይ ነው፤ መስታወቱን በሁለት ሰው ሳይዙ ማንሳት ወይም ጠርዙ ላይ የተለጠፉትን ሪባኖች (ስስ ጠፍጣፋ ገመዶች) መሳብ ፓነሉን ይገድለዋል።

ስክሪኑ ላይ ክብ ነጭ ነጠብጣብ ከታየ ብርሃኑን የሚበትነው ሌንስ ከኤልኢዲው ላይ ወድቋል፤ በማጣበቂያ ይመለሳል። ቁመታዊ መስመር ሲመጣ ግን ጠርዙን በቀስታ ጫን በሉት፤ መስመሩ ከተለዋወጠ የሪባኑ ግንኙነት ስለላላ ነው፣ ምስሉን ወደ ፓነሉ ለሚያከፋፍለው ቲኮን ቦርድ ቅያሪ ገንዘብ አታውጡ።

አስመስለው የተሠሩት ላይ በጣም ተጠንቀቁ። «4ኬ» የተባለው ስክሪን ፓነሉ 1366 በ768 ሆኖ የ4ኬን ምልክት መቀበል ብቻ የሚችል ሊሆን ይችላል። ሜኑው ውስጥ የሚታየውን ቁጥር አትመኑ። ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ አያይዛችሁ በ3840 በ2160 አንድ ፒክስል ጥቁር፣ አንድ ፒክስል ነጭ እየተፈራረቀ የተሠመረ ምስል ክፈቱ። የቲቪው ምስል መጠን ጠርዝ በማይቆርጠው ላይ ይሁን። ተጠግታችሁ ስታዩ መስመሮቹ ተለይተው ካልታዩና ግራጫ ወይም ሞገድ ከሆኑ 4ኬ አይደለም። ኤችዲአር (በብርሃንና በጨለማ መካከል ሰፊ ርቀት ያለው ምስል) የሚለው ጽሑፍም ያው ነው፦ ባክላይቱ ደካማ ከሆነ ምልክቱን ተቀብሎ ከተለመደው የጨለመ ምስል ያወጣል። «120» ተብሎ የሚጻፈው የእንቅስቃሴ ቁጥርም ብዙ ጊዜ 60 ሄርዝ (በሴኮንድ 60 ጊዜ ምስል የሚቀይር) ፓነል ላይ የተለጠፈ ስም ነው።

ከሱቅ ሳትወጡ ሙሉ ግራጫ ምስል አስከፍቱ፤ የጠቆረ ማዕዘንና ጥላ ያለበት ቦታ የሚጋለጠው በግራጫ ነው። ቤት ስትደርሱ ባክላይቱን ከ100 ወደ 60 ወይም 70 አውርዱት፤ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣው ሱቅ ውስጥ እንዲያበራ ተደርጎ ነው፣ ኤልኢዲዎቹን ቀድሞ የሚጨርሳቸውም እሱ ነው።